የወተት ላም በሽታ በሒሳብ ሞዴል ሲሰላ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያዬን ሞዴል የሠራሁት አንድም በረት ሳልረግጥ ነው። ላፕቶፔ ላይ ሦስት ሣጥን ሣልኩ፦ ገና ያልተያዙ፣ የታመሙ፣ ያገገሙ። በመሃላቸው ቀስት። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ከርማክና ማክኬንድሪክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጡት ስሌት ነው፤ ዛሬም ለሰውም ለከብትም በሽታ መነሻው እሱ ነው። ቁጥሮቹን ከአንድ የአውሮፓ ጥናት ገለበጥኩ። ኮምፒውተሩ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርድ ቆንጆ መስመር አወጣልኝ። ደስ ብሎኝ ባሕር ዳር ዳርቻ አምስት ላም ለሚያረቡ አንዲት እናት ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። "ልጄ፣ ወተት ሰብሳቢው የታለ?" አሉኝ።

አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በራሴም በሌሎችም ሥራ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ነው እዚህ የምጽፈው።

ላሞቹን ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ መጨመር

ተራው ሞዴል ማንኛዋም ላም ከማንኛዋም ላም ጋር እኩል ትገናኛለች ብሎ ይነሳል። ፎገራ ሜዳ ላይ ይሄ ብዙም ውሸት አይደለም። የስንቱ ቤት ከብት አብሮ ይግጣል፣ አንድ ውኃ ይጠጣል። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ግን የተዳቀለችው ላም ታስራ ነው የምትውለው። ፋጉሎውም፣ አተላውም፣ ድርቆሹም እዚያው ይመጣላታል። የጎረቤቷን ላም ድምፅ እንጂ መልክ አታውቅም።

ታዲያ በሽታው በማን እግር ይሄዳል? በሰው እግር ነዋ። ወተት ሰብሳቢው በአንድ ጫማ ስንት ግቢ ይገባል። አዳቃይ ቴክኒሽያኑ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይሮጣል። ላም ስታምጥ ጎረቤት ለእርዳታ ይጠራል። አዳቃዩ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ኮርማ ይዋሳሉ። አፍተግርን (የከብት የአፍና የእግር በሽታን) የመሰለ በሽታ በጫማ፣ በጀሪካን፣ በራሱ በወተቱም ይጓዛል።

ስለዚህ አሁን ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት አንድ ጠዋት ወተቱን ተከትዬ እዞራለሁ። ማን ከየት ወዴት እንደሄደ ወረቀት ላይ በቀስት እሥላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ሰዎች ላይ ቀስቱ ይከማቻል። ለእነዚያ ሰዎች የጫማ ማጠቢያ ባልዲና በረኪና ማዘጋጀት፣ ስንት ገጽ ስሌት ሠርቼ ከምደርስበት ምክር ቀድሞ ይታየኛል። ሞዴሉ የሚጠቅመው ቀጥሎ ነው፤ ባልዲው ብቻውን ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ለመመለስ።

ቁጥር መዋስ

አር ዜሮ የሚባለው ቁጥር አለ። አንዲት የታመመች ላም፣ ሁሉም ለበሽታው በተጋለጡበት መንጋ ውስጥ፣ በአማካይ ስንቷን ታስይዛለች የሚለውን ይነግረናል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር የቫይረሱ ጠባይ ብቻ ያደርገዋል። አይደለም። የቫይረሱም፣ የአያያዙም፣ የወቅቱም ነው። መቶ ላም በአንድ ሰፊ አዳራሽ ተለቃ ከምትውልበት አገር የተለካ ቁጥር፣ አምስት ላም ታስረው ለሚውሉበት ጓሮ አይሆንም።

ወቅቱን በተመለከተ ደግሞ የጣና ዳር ሰው ጥሩ ምሳሌ አለው። ቆዳን በእባጭ የሚሞላው፣ ባለሙያዎች ላምፒ ስኪን የሚሉት በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። የሚያሰራጩት በዋናነት ደም መጣጭ ዝንቦች፣ ትንኞችና መዥገሮች ናቸው። ትንኝ በጥርና በመስከረም እኩል አይደለም። ሞዴሉ ላይ ዓመቱን ሙሉ አንድ የመተላለፊያ ቁጥር ካስቀመጥክ፣ ወረርሽኙ ክረምቱን ተከትሎ ሲመጣ አንተ ገና በጥር ላይ ነህ። ክትባቱም ይዘገያል።

ዜሮ ነጥብ አራት ላም

ይሄ አጭር ነው። በአማካይ የሚሠራ ሞዴል ትንሽ መንጋ ላይ "የታመሙት 0.4 ናቸው" ይልሃል። ዜሮ ነጥብ አራት ላም ማን አየ? አምስት ላም ባለበት ቤት ዕድል ትልቅ ድርሻ አለው። አር ዜሮ 2 ቢሆን እንኳ፣ በቀላሉ ስሌት፣ አንድ የገባ በሽታ ሳይስፋፋ ራሱ የመጥፋቱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ሳንቲም እንደመወርወር በለው። እንዲህ ላለው መንጋ ዕጣ እያወጣ ሺህ ጊዜ የሚደጋግም ሞዴል ነው የሚያስፈልገው። አንድ መስመር ብቻ ይዞ ስብሰባ መግባት አይበጅም።

የተከተበን ሁሉ ዳነ ብሎ መቁጠር

ወረዳ ላይ ሪፖርት ሲቀርብ "ይህን ያህል ከብት ተከተበ" ይባላል። ሞዴል ሠሪውም ያንን ቁጥር አንሥቶ "የተጠበቁ" የሚል ሣጥን ውስጥ ይከታል። ቀስ ብለን እናስላው።

አር ዜሮ 4 ነው እንበል። በሽታው እንዳይስፋፋ ከ4 ላሞች 3ቱ፣ ማለትም 75 በመቶው፣ በእርግጥ መጠበቅ አለባቸው። ክትባቱ ከ100 ላሞች 80ውን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ፣ 75 ለመድረስ 94 ያህሉን መከተብ ሊኖርብህ ነው። 60ውን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነስ? ሁሉንም ብትከትብ እንኳ 60 ላይ ትቆማለህ። ክትባት ብቻውን አልበቃም ማለት ነው፤ የጫማ ባልዲውንና የከብት ዝውውር ገደቡን መጨመር ግድ ይሆናል። ይህችን ስሌት በቃሏ የምታውቅ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ስብሰባ ላይ ብትኖር ስንት ክርክር ይቀራል።

ለአፍተግር ነገሩ ይብሳል። ቫይረሱ 7 ዓይነት ነው፤ ለአንዱ የተከተበች ላም ከሌላው አትድንም። መከላከያውም በወራት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል። ሌላም አለ፦ ክትባቱ ከሚመረትበት ከቢሾፍቱ ተጭኖ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል። ከዚያ በበረዶ ሣጥን ወደ ቀበሌ። በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦ ከሆነ መርፌው ተወግቷል፣ ሪፖርቱም ተጽፏል፤ ላሟ ግን እንደነበረችው ናት።

ምርመራ አይሳሳትም ማለት

የከብት ቲቢን ምርመራ ያየ ሰው ያውቃል። የላሟ አንገት ላይ ሁለት ቦታ ይላጫል። አንዱ ላይ ከከብት፣ ሌላው ላይ ከወፍ ቲቢ የተዘጋጀ ፕሮቲን ቆዳው ውስጥ ይወጋል። ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሰህ የቆዳውን ውፍረት በካሊፐር ትለካለህ። ላሟ ግን ዝም ብላ አትቆምልህም፤ አንዱ ቀንዷን፣ አንዱ አፍንጫዋን ይይዛል፣ አንተ ሚሊ ሜትር ለማንበብ ትታገላለህ።

ለምሳሌ 200 ላም መረመርን እንበል። 4ቱ በእርግጥ ታመዋል። ምርመራው ከታመሙት 90 በመቶውን ያገኛል፣ ከጤነኞቹም 98 በመቶውን "ጤነኛ ናት" ይላል። ጥሩ ምርመራ ነው አይደል? ግን ከ196 ጤነኛ ላሞች 4 ያህሉ በስህተት "ታመዋል" ይባላሉ። "ታማለች" ከተባሉት ግማሾቹ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ይህን ሞዴሉ ውስጥ ሳያስገባ "የታየባት ትወገድ" የሚል ሰው፣ የሰው ጤነኛ ላም ያሳርዳል።

ባለቤቱን መርሳት

ትልቁ የእኔ ስህተት ይሄኛው ነበር። ሞዴሌ ላይ የታመመችው ላም "ተወገደች" ወደሚል ሣጥን ትገባለች፣ ታሪኳም እዚያ ያበቃል። በረቱ ውስጥ ግን ያቺ ላም የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ናት። ካሳ የሚከፍል ከሌለ ባለቤቷ ምን ያደርጋል? ጎህ ሳይቀድ ገበያ ያወጣታል። ጾም ሲሆን ደግሞ ወተት ፈላጊው ይቀንሳል፣ የመኖ ዋጋ አይቀንስም፤ መሸጡ ይበልጥ ያጓጓል። እኔ የበሽታው ማብቂያ ያደረግኩት ቀስት፣ ለሌላ ቀበሌ መጀመሪያው ነበር። አሁን "ተሸጠች" የሚል ሣጥን ለብቻው አለኝ፤ ከእሱም ወደ ሌሎች መንጋዎች የሚሄድ ቀስት።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪታንያ አፍተግር ሲገባባት ሞዴሎች ከውሳኔው መሃል ነበሩ። የታመሙት ብቻ ሳይሆኑ የጎረቤት እርሻዎች ከብትም እንዲወገድ ተደረገ። ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገደሉ። ያን ያህል ያስፈልግ ነበር ወይ የሚለው ክርክር ለዓመታት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሙከራ ደግሞ አንድ ነገር አሳየ፦ የታመመ ከብት ለሌላው ከብት በቀጥታ የሚያስተላልፈው በአማካይ ለ1.7 ቀን ብቻ ነው፤ ያም ምልክቱ ከታየ ግማሽ ቀን ያህል ቆይቶ ይጀምራል። ጠዋት ለሃጭ ሲዝረበረብ አይቶ ወዲያው የሚደውል ሰው ካለ፣ በሽታውን ሳይራመድ መያዝ ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ያቺ "ወተት ሰብሳቢው የታለ" ያሉኝ እናት ትዝ አሉኝ። ሄጄ ጠየቅኳቸው። "እማማ፣ ጠዋት ሲያልቡ አንዷ ለሃጯ ሲዝረበረብ፣ ስታነክስም ቢያዩ መቼ ይደውላሉ?"

ትንሽ አሰቡ። "የዕለቱን ወተት ከሸጥኩ በኋላ ነዋ፣ ልጄ። ቀድሜ ብናገር ማን ይገዛኛል? ማታ እደውላለሁ፤ ሐኪሙ በማግሥቱ ይመጣል።"

ማታ ቤቴ ገብቼ ሞዴሉ ላይ፣ ምልክት ከታየበት እስከ እርምጃው ድረስ ባለው ጊዜ ላይ፣ አንድ ቀን ጨመርኩ። ወተት ሰብሳቢው ለአንድ ጠዋት በመሃል አልፏልና የእሱንም ቀስት ጨመርኩ። መስመሩ ሽቅብ ወጣ።