የመጀመሪያው የኤፍ ቲ 8 ግንኙነት፤ ራዲዮንና ኮምፒውተርን አጣምሮ የመሥራት መመሪያ

ከአማተር ራዲዮ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው የድምፅ ንግግርና የሞርስ ኮድ ቢሆኑም፣ ዛሬ በአጭር ሞገድ ላይ ከሚደረጉት ግንኙነቶች ትልቅ ድርሻ የያዘው ኤፍ ቲ 8 የተባለው ዲጂታል ዘዴ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረቡት ስቲቭ ፍራንክ እና ጆ ቴይለር ሲሆኑ፣ ስሙም ከሁለቱ የቤተሰብ ስም መነሻ ፊደላትና መልእክቱን ከሚሸከሙት 8 ቃናዎች የተገኘ ነው። ጆ ቴይለር በሌላ ኮከብ ዙሪያ የሚዞር ፑልሳር (በፍጥነት እየሾረ የራዲዮ ምት የሚልክ የኮከብ ቅሪት) በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከራስል ሃልስ ጋር የተካፈሉ የሥነ ፈለክ ሊቅ ናቸው። ከጠፈር የሚመጣን ደካማ ምልክት ከጫጫታ ነጥሎ የማውጣት ልምዳቸው በዚህ ዘዴ ላይ በጉልህ ይታያል፤ ጆሮ ፈጽሞ የማይለየውን ምልክት ኮምፒውተሩ ያነበዋል።

ይህ መመሪያ የአማተር ፈቃድና የጥሪ ምልክት ላላቸው፣ እንዲሁም ፈቃዳቸውን እየጠበቁ በመቀበል ብቻ መለማመድ ለሚፈልጉ የተጻፈ ነው። ብዙ ጀማሪዎች መልስ ሲያጡ ወዲያው ኃይል ይጨምራሉ፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው በኮምፒውተሩ ሰዓት ወይም ወደ ራዲዮው በሚገባው የድምፅ መጠን ላይ ነው። ከዚህ በታች ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠሁት ለእነዚህ ለሁለቱ ነው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። በሲንግል ሳይድባንድ (የሞገዱን አንድ ጎን ብቻ በሚልክ ዘዴ) የሚሠራ የአጭር ሞገድ ራዲዮ፣ መካከለኛ አቅም ያለው ኮምፒውተርና በሁለቱ መካከል ድምፅ የሚያመላልስ ማገናኛ ይበቃሉ። የቅርብ ጊዜ ራዲዮዎች ሳውንድ ካርዱን በውስጣቸው ስለያዙ አንድ የዩ ኤስ ቢ ኬብል ድምፁንም ትእዛዙንም ያመላልሳል፤ ለቆዩት ራዲዮዎች ግን ለብቻው የተሠራ ማገናኛ ያስፈልጋል። አንቴና ለሌለው ሰው ቀላሉ መነሻ ዳይፖል፣ ማለትም ከመሐሉ ወደ ሁለት እኩል ጎኖች የሚዘረጋ የሽቦ አንቴና ነው። 143ን በሜጋሄርዝ በተጻፈው ፍሪኩዌንሲ ማካፈል የሽቦውን ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ይሰጣል፤ ለ14.074 ሜጋሄርዝ 10.16 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጎን 5.08 ሜትር። ሽቦውን መጀመሪያ ትንሽ አስረዝመው ይቁረጡትና ኤስ ደብሊው አር (ከአንቴናው ወደ ራዲዮው የሚመለሰውን ኃይል የሚያመለክት ልኬት) እየለኩ ያሳጥሩት፤ ያጠረውን መቀጠል አድካሚ ነው።

ፕሮግራሙ ደብሊው ኤስ ጄ ቲ ኤክስ ይባላል፤ በነጻ ይገኛል። ከጫኑት በኋላ የጥሪ ምልክትዎንና ያሉበትን ሳጥን መለያ ያስገቡ። ይህ መለያ ሜይደንሄድ ከተባለው አከፋፈል የተወሰደ ሲሆን፣ ዓለምን 2 ዲግሪ ኬንትሮስና 1 ዲግሪ ኬክሮስ በሚሸፍኑ ሳጥኖች ከፍሎ እያንዳንዱን በሁለት ፊደላትና በሁለት አኃዞች ይጠራል። ቀጥሎ የራዲዮውን ሞዴል፣ ኬብሉ የተሰካበትን ፖርት እና የመረጃ ፍጥነቱን ይምረጡ። በፕሮግራሙ ላይ የተመረጠው ፍጥነት በራዲዮው ሜኑ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ ሁለቱ አይግባቡም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ኤፍ ቲ 8 ጊዜን በ15 ሰከንድ ይከፋፍላል፤ እያንዳንዱ መልእክት 12.64 ሰከንድ ይወስዳል፤ የቀረው ክፍተት መልእክቱን ለመፍታትና መልሱን ለማዘጋጀት ነው። አንዱ ጣቢያ ሲልክ ሌላው ስለሚያዳምጥ፣ የሁሉም ሰዓት በአንድ ሰከንድ ልዩነት ውስጥ መገናኘት አለበት። እኔ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ምሽት ሙሉ ስክሪኑ በምልክት ተሞልቶ፣ ቃናዎቹ ከድምፅ ማጉያው ጥርት ብለው እየተሰሙ፣ አንድም መልእክት ሳይፈታ ቀረ። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ድራይቨሩን እንደገና ጫንኩ፣ አንቴናውንም ፈተሽኩ። በመጨረሻ የኮምፒውተሩ ሰዓት ሦስት ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ መቅረቱን አየሁ፤ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ባስተካከልኩ በመጀመሪያው ዙር መልእክቶቹ እየተደረደሩ መጡ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን በየጊዜው ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል ያድርጉት፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ደግሞ የጂ ፒ ኤስ መቀበያ ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራል።

ለመቀበል ራዲዮውን በ14.074 ሜጋሄርዝ ላይ በአፐር ሳይድባንድ (በላይኛው ጎን) ያድርጉት። በ7 ሜጋሄርዝ በድምፅ የሚነጋገሩ ሰዎች ሎወር ሳይድባንድ (የታችኛውን ጎን) ስለሚጠቀሙ አንዳንድ ጀማሪ በ7.074 ላይም እንዲሁ ያደርጋል፤ ኤፍ ቲ 8 ግን በየትኛውም ባንድ ላይ አፐር ነው። ማጣሪያውን ሰፊ ያድርጉት፤ የጫጫታ መቀነሻዎችን በሙሉ ያጥፉ፤ እነሱ የተሠሩት ለሰው ጆሮ ስለሆነ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ምልክት ያበላሹበታል። ምልክት በሌለበት የባዶ ባንድ ጫጫታ ብቻ ሲገባ የፕሮግራሙ የድምፅ መለኪያ 30 ዲሲቤል አካባቢ እንዲያሳይ የመቀበያውን መጠን ያስተካክሉ። ዋተርፎል በተባለው መስኮት ላይ እያንዳንዱ ጣቢያ 50 ሄርዝ ስፋት ያለው ቀጭን ሰንበር ሆኖ ይታያል። ቢያንስ ሁለትና ሦስት ቀን በመስማት ብቻ እንዲቆዩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የግንኙነቱ ሥርዓት በቃል ከሚነገር ይልቅ በዓይን ሲታይ ቶሎ ይገባል።

ማሰራጨት ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ክፍል ነው። በመጀመሪያ የኮምፒውተሩን የማስጠንቀቂያ ድምፆች ያጥፉ ወይም ወደ ሌላ ሳውንድ ካርድ ይምሯቸው፤ አለበለዚያ ኢሜይል በመጣ ቁጥር የሚሰማው ደወል በአየር ላይ ይወጣል። ከዚያም ከአንቴናው ይልቅ ዱሚ ሎድ፣ ማለትም ኃይሉን ወደ አየር ሳይለቅ ወደ ሙቀት የሚቀይር መሞከሪያ ያገናኙ። የራዲዮውን ኃይል እስከ መጨረሻው ከፍተው የፕሮግራሙን የድምፅ ማንሸራተቻ እስከ ታች ያውርዱትና የሙከራ ቃናውን ያስጀምሩ። አሁን ዓይንዎን ከራዲዮው መለኪያ ላይ ሳያነሡ ማንሸራተቻውን በጣም በዝግታ ወደ ላይ ይግፉት። የኃይሉ መለኪያ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ወደ ራዲዮው የሚገባው ድምፅ ከልክ ሲያልፍ የሚነሣው የኤ ኤል ሲ መለኪያ ግን ዜሮ ላይ ተኝቶ መቆየት አለበት። መነቃነቅ በጀመረበት ቅጽበት ይቁሙ፤ እንደገና ዜሮ ላይ እስኪተኛ ድረስም መልሰው ዝቅ ያድርጉት። በአብዛኞቹ ራዲዮዎች ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው። 100 ዋት የሚያወጣ ራዲዮ ከሆነ ማንሸራተቻውን ከዚህም ዝቅ በማድረግ ከ30 እስከ 50 ዋት ላይ ይወስኑ፤ የንግግር ድምፅ በቃላት መካከል ዕረፍት ሲኖረው፣ ይህ ቃና ከ12 ሰከንድ በላይ ያለ ዕረፍት በሙሉ ኃይል ስለሚወጣ የማሰራጫውን ትራንዚስተሮች ያግላል።

ድምፁ ከልክ ሲያልፍ የሚሆነውን በምሳሌ ላሳይ። በ700 ሄርዝ ላይ የሚላክ ቃና ሲዛባ በ1400 ሄርዝና በ2100 ሄርዝ ላይ የራሱን ቅጂዎች ይፈጥራል፤ እነዚህም በራዲዮው ማጣሪያ ውስጥ አልፈው በሌሎች ጣቢያዎች ላይ ይወድቃሉ። ቃናው በ1600 ሄርዝ ቢሆን ግን የመጀመሪያው ቅጂ 3200 ሄርዝ ላይ ስለሚያርፍ ማጣሪያው ይቆርጠዋል። ፕሮግራሙ ስፕሊት የተባለ ምርጫ ያለው ለዚህ ነው፤ ሲበራ የራዲዮውን ፍሪኩዌንሲ እንደ አስፈላጊነቱ እያንቀሳቀሰ ቃናውን ሁልጊዜ ከ1500 እስከ 2000 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ያቆየዋል። ያብሩት።

አንቴናውን ካገናኙ በኋላ ራዲዮው ማሰራጨቱን አላቆም ካለ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ከራዲዮው ጋር ያለው ግንኙነት በየጊዜው ከተቋረጠ፣ ከአንቴናው የሚወጣው ሞገድ በኬብሎቹ በኩል እየተመለሰ ነው። በዩ ኤስ ቢ ኬብሉ ሁለት ጫፎች ላይ ፌራይት (በኬብል ላይ የሚመጣን የራዲዮ ሞገድ የሚያግድ ቀለበት) ያድርጉ፤ አንቴናውንም ከመሣሪያዎቹ አርቀው ይስቀሉት።

ለመጀመሪያው ግንኙነት ሲ ኪው (ለማንኛውም ጣቢያ የሚደረግ ጥሪ) እያለ ከሚጠራ ጣቢያ መጀመር ይሻላል። በዋተርፎሉ ላይ ማንም የሌለበት ክፍት ቦታ ይምረጡ፤ የማሰራጫ ቦታዎ እንዳይንቀሳቀስ አድርገው ይያዙትና የጠሪውን መልእክት ሁለት ጊዜ ይጫኑ። ፕሮግራሙ የእርስዎን የጥሪ ምልክትና የሳጥን መለያ ይልካል። ጠሪው ከሰማዎት ለምሳሌ -12 ብሎ ይመልሳል፤ ይህ የምልክትዎ ጥንካሬ በዲሲቤል ነው። እርስዎ አር -15 ይላሉ (አር ማለት ተቀብያለሁ ማለት ሲሆን ቁጥሩ የእሱ ምልክት ጥንካሬ ነው)፣ እሱ አር አር 73 ይላል፣ እርስዎም በ73 ይሰናበታሉ። 73 በቴሌግራፍ ዘመን ከነበሩት ኦፕሬተሮች የተወረሰ የመልካም ምኞት ሰላምታ ነው። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ተኩል ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ያልቃል። እስከ -20 አካባቢ የደከመ ምልክት ሊፈታ ስለሚችል ዝቅተኛ ቁጥር ሲያዩ ተስፋ አይቁረጡ።

ጠሪው ከሌላ ሰው ጋር ግንኙነት ከጀመረ ጥሪዎን አቁመው እስኪጨርስ ይጠብቁ። ፕሮግራሙ ብዙውን ነገር በራሱ ስለሚሠራ ጣቢያውን ትቶ የመሄድ ፈተና አለ፤ ነገር ግን በጥሪ ምልክትዎ የሚወጣው ሁሉ የእርስዎ ኃላፊነት ነውና በሚያሰራጩበት ጊዜ ከመሣሪያው ፊት አይነሡ። የግንኙነቶቹ መዝገብ ሁልጊዜ በዩ ቲ ሲ (ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነው መለኪያ) ሰዓት ይያዛል። የግንኙነት ማረጋገጫ የሆነውን የኪው ኤስ ኤል ካርድ ዛሬም በፖስታ የሚለዋወጡ አሉ፤ አብዛኛው ሰው ግን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ያረጋግጣል።

አንድ የኤፍ ቲ 8 መልእክት የሚይዘው 77 ቢት ብቻ ስለሆነ ለጨዋታ አይመችም። እየጻፉ መነጋገር ለሚወድ ሰው ፒተር ማርቲኔዝ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ፒ ኤስ ኬ 31 አለ፤ ጄ ኤስ 8 ደግሞ የኤፍ ቲ 8ን ቃናዎች ለነጻ ጽሑፍ ያውላል። ለሁለቱም ከላይ ያዘጋጁት ኬብልና የድምፅ አሠራር ያለ ለውጥ ያገለግላል።

ጥሪዎ የት የት እንደተሰማ ማወቅ ከፈለጉ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲ ኪው ይበሉና ፒ ኤስ ኬ ሪፖርተር የተባለውን ካርታ በኢንተርኔት ይክፈቱ፤ የሰሙዎት ጣቢያዎች ከነዲሲቤላቸው ይታያሉ። 14.074 በአመዛኙ የቀን ባንድ ነው፤ ሲመሽና ካርታው ባዶ ሲሆን ለ7 ሜጋሄርዝ የተሠራ አንቴና ካለዎት ወደ 7.074 ይውረዱ። ራዲዮው በየባንዱ ለተመሳሳይ የድምፅ መጠን የሚሰጠው ኃይል ስለሚለያይ፣ በአዲሱ ባንድ ላይ ከመጥራትዎ በፊት ዱሚ ሎዱን መልሰው ያገናኙና የኤ ኤል ሲ መለኪያው ዜሮ ላይ መተኛቱን እንደገና ይመልከቱ።