ለሕፃናት የብዙ ቋንቋ የፊደል ጨዋታ እንዴት ይሠራል?

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ካርቶን ቆራርጡ። ፊደል ጽፋችሁበት፣ ሥዕል ሥላችሁበት ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት ልጅ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብላችሁ ተጫወቱ። በካርድ ያሰለቸው ጨዋታ በስልክ ላይ ሲሆንም ያሰለቸዋል።

ከዚያ ቋንቋ ምረጡ። ለመጀመሪያ ሁለት ይበቃሉ፤ አንዱ ግን ልጁ አፉን የፈታበት ይሁን። የማያውቀውን ቃል በማያውቀው ፊደል ማስነበብ በአንድ ጊዜ ሁለት ሸክም መጫን ነው።

ዋናው ሥራ የፊደልና የድምፅ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የአማርኛውን ጨዋታ ከጨረስኩ በኋላ ወደ ትግርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎም ብቻ የቀረኝ መስሎኝ ነበር። አ ላይ የአንበሳ ሥዕል ነበር፤ በአፋን ኦሮሞ አንበሳ ሌንጫ ነው፣ ሥዕሉ ከፊደሉ ጋር ተለያየ። ውሻም በትግርኛ ከልቢ ሆነ። ሥዕሎቹን ለየቋንቋው እንደገና መምረጥ ነበረብኝ።

የባሰው የመጣው ከድምፁ ነው። ፊደሉ አንድ ስለሆነ ለትግርኛና ለአማርኛ አንድ ዓይነት ጥያቄ አቀረብኩ። ሀ እና ሐ በትግርኛ የተለያየ ድምፅ አላቸው፤ በአማርኛ ግን ልዩነታቸው በጽሕፈት ብቻ ቀርቷል። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ የአማርኛውን ስትጫወት «ሃ» የሚል ድምፅ ሰምታ ሐን ነካች፤ የስሕተት ምልክት ወጣባት። ደግማ ነካች፣ ደግሞ ወጣባት። ሦስተኛ አልሞከረችም፤ ስልኩን መለሰችልኝ። ጆሮዋ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የእኔ ጨዋታ ነው። ያን ቀን የተሰማኝን ሐዘን አልረሳውም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ፊደሉ፣ ድምፁ፣ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ልጅ የሚያውቀው ቃል፣ እና አብረው ለምርጫ መቅረብ የሌለባቸው ፊደላት። በአማርኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ አንድ ላይ አይቀርቡም፤ ሰ ከሠ፣ ጸ ከፀ ጋርም እንደዚያው። በላቲን የሚጻፉትም ወጥመድ አላቸው። ኤክስ (x) የምንላት ፊደል አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት በቁቤ «ጥ» ናት፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ክስ»።

የደረጃውንም ክብደት ለየብቻ መዝኑ። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይይዛል፣ ላቲን ግን ይነጣጥላቸዋል። ቤት የሚለውን ቃል ልጁ በሁለት ካርድ ይገጥማል፤ ያው ቃል በአፋን ኦሮሞ (መነ፣ በቁቤ mana) አራት ካርድ ይፈልጋል።

33ቱን ፊደላት በ7 ስታባዙ 231 ይሆናሉ። ሁሉንም በተራ ማስነካት ልጅ ያደክማል፤ ቃል በሚሠሩ አራት አምስት ፊደላት ጀምሩ። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ በአንዲት ጭረት ብቻ ስለሚለያዩ ለኋላ አቆዩአቸው።

ድምፁን ሰው ይቅዳው፤ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው፣ ጸጥ ባለ ክፍል። የማሽን ንባብ አቋራጭ ይመስላል፣ እኔ ግን አልመክረውም። መጥበቅና መላላት በጽሑፋችን ስለማይታይ፣ «ተናገረ» ለማለት የተጻፈውን አለ «ይገኛል» እንደሚለው አለ አጥብቆ ሊያነበው ይችላል።

መሥሪያ ፕሮግራሙ ብዙ አያስጨንቃችሁ። ጎዶት (Godot) የተባለው የጨዋታ መሥሪያ ነፃ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ከበቂ በላይ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት ከጨዋታው ጋር አብራችሁ ጫኑ፤ አለዚያ አንዳንድ ስልክ ላይ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ይመጣል። መመሪያው ሁሉ በድምፅ ይሁን። ሰዓት ቆጣሪ አታስገቡ። ልጁ ሲሳሳት ድምፁ ይደገምለትና ከምርጫዎቹ አንዱ ይቀነስለት።

ቋንቋ መቀየሪያው ላይ ባንዲራ አታድርጉ፣ ቋንቋና አገር አንድ አይደሉምና። የሕፃን ፊት ሥሉ፤ ሲነካ አንዱ «ሰላም»፣ አንዱ «ከመይ»፣ አንዱ «አካም» ይበል።

ስትፈትኑ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ዝም በሉ፤ ልጁ የሚያመነታበትን ፊደል ብቻ መዝግቡ። ሦስት ልጆች አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳቱ በሠንጠረዡ የዚያን ፊደል ድምፅ እንደገና አዳምጡት፣ ከዚያ ሥዕሉን ለሌላ ልጅ አሳይታችሁ «ይህ ምንድን ነው?» በሉት።