መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ፈርምዌር በርቀት ስታዘምኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአዲስ አበባ ዳርቻ ለትንንሽ ሴንሰሮች ብዙ ሥራ አለው። ኮዬ ፈጬ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ፣ ሱሉልታ ያለ የውሃ ፓምፕ፣ ሰበታ ወይም ሆለታ ያለ የአበባ ግሪንሃውስ፣ ሁሉም የሚለካ ነገር አላቸው። ጣጣው የሚመጣው ሴንሰሩን የሚያሠራው ቦርድ ከተሰቀለ በኋላ ውስጡ ያለውን ኮድ፣ ማለትም ፈርምዌሩን፣ መቀየር ሲያስፈልግ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ኔትወርኩም እንደዚያው። ስለዚህ ፍጥነቱን በኋላ ታስቡበታላችሁ፤ መጀመሪያ «መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሮጌውን ፈርምዌር ደምስሶ በቦታው አዲሱን መጻፍ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አዲሱ ቤት ሳይከደን የሚኖሩበትን ማፍረስ ማለት ነው። ፍላሽ (ኮዱ የሚቀመጥበት ማህደረ ትውስታ) የሚደመሰሰው በብሎክ በብሎክ ነው፤ ኢኤስፒ32 የሚባለው ቺፕ ላይ ለምሳሌ በ4 ኪሎባይት። ግማሹ ከተጻፈ በኋላ መብራት ጭልም ቢል ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ኮድ ይቀራል። ቦርዱ ከዚያ በኋላ አይነሳም። አንድ ሰው ላፕቶፕና ኬብል ይዞ ጣሪያ ላይ መውጣቱ ግድ ነው።

መፍትሔው ሁለት ቦታ ማዘጋጀት ነው። አሮጌው እየሠራ አዲሱ በሌላኛው ክፍል ይጻፋል፣ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ቡትሎደሩ (ቦርዱ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ወደ አዲሱ ይዞራል። 4 ሜጋባይት ፍላሽ ያለው ኢኤስፒ32 ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ቺፑ ጠባብ ከሆነ ትንሽ የውጭ ፍላሽ ጨምሩበት። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ሁለት ቦታ ብቻውን ግን አይበቃም። አዲሱ ኮድ ለሙከራ ይነሳ፤ ደህንነቱን ካላረጋገጠ ቡትሎደሩ ወደ አሮጌው ይመልሰው። ኢኤስፒ32 ላይ ይህ አማራጭ አለ፤ ግን ካላበራችሁት አይሠራም። ብዙ ሰው ማረጋገጫውን የፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ያ ቦርዱ መነሳቱን እንጂ መሥራቱን አያሳይም። ሴንሰሩን አንብቦ ሰርቨሩን ካገኘ በኋላ ያረጋግጥ። ኔትወርኩ ለጊዜው ስለጠፋ ብቻ ጤነኛ ኮድ እንዳይመለስ ደግሞ በቂ ጊዜ ስጡት፤ እኔ ብሆን ሰዓታት እንጂ ደቂቃዎች አልሰጠውም።

ማውረዱ ሲቋረጥ ከዜሮ መጀመር

90 በመቶ ላይ ተቋርጦ እንደገና ከአንድ የሚጀምር ቦርድ ዳታም ባትሪም ይጨርሳል። የት እንደደረሰ ፍላሽ ላይ ይመዝግብና ቀሪውን ብቻ ይጠይቅ። በኤችቲቲፒ ከተወሰነ ባይት ጀምሮ መጠየቅ ይቻላል። በኮአፕ (ለትንንሽ መሣሪያዎች የተሠራ፣ ኤችቲቲፒን የሚመስል ፕሮቶኮል) ደግሞ ፋይሉ በቁጥር በተለዩ ብሎኮች ይላካል። ምዝገባው ግን ለያንዳንዷ ጥቅል አይሁን። ብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች ላይ አንዱ የፍላሽ ገጽ ዋስትና ያለው ለ10,000 ያህል መደምሰስ ብቻ ነው።

ሙሉውን ፋይል መላክ

የቀየራችሁት ሦስት መስመር ሆኖ ሳለ 100 ኪሎባይት መላክ ምን ማለት እንደሆነ በሎራዋን (ሩቅ የሚደርስ ግን ቀርፋፋ የሬዲዮ ኔትወርክ) እንየው። በአውሮፓው የ868 ሜጋኸርዝ ደንብ፣ በጣም ቀርፋፋው ፍጥነት ላይ አንድ ጥቅል የሚይዘው 51 ባይት ነው። 100 ኪሎባይት ከ2,000 በላይ ጥቅል ይሆናል። አንዱ ጥቅል አየር ላይ ከ2 ሰከንድ በላይ ስለሚቆይ፣ ያለ እረፍት ቢላክ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያለ እረፍት መላክ ደግሞ ደንቡ ራሱ አይፈቅድም።

ስለዚህ በአሮጌውና በአዲሱ ስሪት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ላኩ። በዚህ ሥራ የታወቀው ፕሮግራም ቢኤስዲፍ ነው፤ ኮሊን ፐርሲቫል በ2003 ያወጣው። ነገር ግን እሱ የተሠራው ለኮምፒውተር ነው፣ ፋይሎቹን ራም ላይ ይዘረጋቸዋል። ጥቂት ኪሎባይት ራም ላለው ቺፕ እንደ ዲቱልስ ያለ፣ እየተቀበለ በትንሽ በትንሹ የሚሠራ መሣሪያ ምረጡ። ልዩነቱ የሚገጥመው ከተሠራበት ስሪት ጋር ብቻ ነው። ቦርዱ ላይ ያለው ያው ስሪት መሆኑን በሃሽ (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ አጭር መለያ) ሳታረጋግጡ ፈጽሞ አታስጀምሩት። በርካታ ቦርዶች ካሏችሁም ለያንዳንዱ ለብቻው ከመላክ በመልቲካስት ለሁሉም በአንዴ ላኩ፤ ሎራዋን ለዚህ የወጣ ደረጃ አለው።

በሲአርሲ መተማመን

ሲአርሲ፣ ከፋይሉ ጋር የሚላክ አጭር የማጣሪያ ቁጥር፣ በመንገድ ላይ የተበላሸ ባይት ይይዛል። ሆን ብሎ የተቀየረን ፋይል ግን አይይዝም። የፓምፕ ፈርምዌር ሌላ ሰው እጅ ከገባ ውሃ የሚያጣው ሰፈሩ ነው። ስለዚህ ፋይሉን በዲጂታል ፊርማ ፈርሙት፤ ኤሊፕቲክ ከርቭ በሚባለው የምስጠራ ዘዴ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ 64 ባይት ብቻ ነው፤ ቦታ የለኝም አይባልም። የድሮ ስሪት ተመልሶ እንዳይጫንም የስሪት ቁጥሩን ፊርማው በሚሸፍነው ክፍል ውስጥ አስገቡ። በ2021 የወጣው አርኤፍሲ 9019 የተባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ አጠቃላይ አደረጃጀቱን በደንብ ያስረዳል።

ሰዓቱን መርሳት

የሰዓት ባትሪ የሌለው ቦርድ መብራት ሄዶ ሲመጣ 1970 ላይ ያለ ይመስለዋል። የሰርቨሩን ሰርተፍኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጠውን፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለውን ሰነድ) «ገና አልጀመረም» ብሎ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ሰዓቱን ያስተካክል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማዘመን

መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ቦርዶች በሙሉ በአንድ ሰከንድ ይነሳሉ፤ ሁሉም «አዲስ ነገር አለ?» እያሉ ሰርቨሩን ያጨናንቁታል። እያንዳንዱ በዘፈቀደ የተመረጠ ጊዜ ይጠብቅ። አዲሱንም ስሪት መጀመሪያ ለጥቂቶች ብቻ ስጡ። ከጥቂቶቹ አንዱ ሲግናሉ ከሁሉም የደከመው ይሁን፤ ምርጥ ሲግናል ያለው ቦርድ ብዙም የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ጠረጴዛ ላይ ብቻ መሞከር

ጠረጴዛችሁ ላይ ጥሩ ፓወር ሰፕላይና ጥሩ ዋይፋይ አለ። ውጭ ያለው የጂኤስኤም ሞደም ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል። የደከመ ባትሪ ያኔ ቮልቴጁ ይወርድና ቦርዱ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ባትሪው ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ማዘመኑ አይጀመር። ከመስቀላችሁም በፊት ሶኬቱን ሆን ብላችሁ ንቀሉ፦ ሲያወርድ አንዴ፣ ሲደመስስ አንዴ፣ ቡትሎደሩ ሲቀያይር አንዴ፣ አዲሱ ኮድ ገና ሳይረጋገጥ አንዴ። ከአራቱ በአንዱ እንኳ ካልተነሳ ወደ ጣሪያው አታውጡት።