ጁፒተር ጋ ሲደርስ የሚከዳ ሶላር ሴል፦ ችግሩና መፍትሄው

የመንኮራኩራችሁን ሽቦ፣ ፓኔሉም ወደ ፀሐይ መዞሩን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ በደማቅ ብርሃን ጎበዝ የነበረ ሴል ብርሃኑ ሲደክም ከተሰላለት በታች ይወርዳል።

ኃይል መቀነሱ በራሱ ብልሽት አይደለም። ጁፒተር ጋ ያለው ብርሃን ምድር ጋ ካለው በ27 እጥፍ ያንሳል። የናሳዋ መንኮራኩር ጁኖም ምድር አካባቢ 14 ኪሎዋት ያህል የሚያመነጩ የሶላር ፓኔል ክንፎች ይዛ ሄዳ እዚያ ያገኘችው 500 ዋት ገደማ ነው። ታስቦበት ነው። ከታሰበው በታች ሲሆን ነው ጉዱ።

ምክንያት፦ አብዛኛውን ጊዜ ሴሉ ያፈሳል። ጠርዙ ላይ ያለች ጭረት ለኤሌክትሪኩ አቋራጭ ትከፍትለታለች። ምድር ላይ 450 ሚሊአምፒር የሚሰጥ ሴል 5 ቢያፈስ ማን ልብ ይለዋል? ጁፒተር ጋ ግን ያው ሴል ወደ 17 ብቻ ነው የሚሰጠው። 5ቱ ሲሄድ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ቀዳዳ ባልዲ ቧንቧው ሲንዠቀዠቅበት ሙሉ ይመስላል፤ ጠብ ጠብ ሲልበት ነው የሚጋለጠው። ደግሞ ሴሎቹ ተከታትለው ስለሚታሰሩ አንዱ ሌሎቹንም ይጎትታል።

አንዴ እንዲህ ያለ ነገር ሦስት ቀን በልቶኛል። ሶፍትዌሩን ወቀስን፣ መለኪያውን ቀየርን። በመጨረሻ ሴሉን በማጉያ መነጽር ሳየው ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት አለች። አንዱ በብረት መቆንጠጫ አንስቶታል! ሻጩማ «ተፈትሿል» የሚል ወረቀት ልኮልን ነበር። አዎ፣ በደማቅ ብርሃንና በሞቀ ክፍል።

መፍትሄ፦ እያንዳንዱን ሴል በደካማ ብርሃንና ከዜሮ በታች 130 ዲግሪ ገደማ ለኩት። ናሙና አይበቃም። ሁለቱን አንድ ላይ ሞክሩ፤ ብርድ ብቻውን ቮልቴጁን ከፍ ስለሚያደርግ ትሸወዳላችሁ። የመሞከሪያው ክፍል መስኮት ውርጭ ከያዘ ደግሞ የምትለኩት ውርጩን ነው። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ እሰሩ። የሚያፈሰውን ልጠግን ብላችሁ አትድከሙ። ምድርን ለሚዞር ሳተላይት ስጡት፤ እዚያ አይታወቅበትም። በባዶ እጅ አትንኩ። በብረት መቆንጠጫ አትንኩ። አትንኩ!

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፦

ከግርዶሽ ሲወጣ ቮልቴጅ ከዘለለ ፓኔሉ በርዶ ነው፤ መቆጣጠሪያው ያንን እንዲችል አድርጋችሁ ሥሩት።

ሴሉ ደህና ሆኖ ኃይል ካነሰ፣ ማሞቂያንና ዋናውን ኮምፒውተር ትታችሁ ሌላውን አጥፉ። የአውሮፓዋ መንኮራኩር ሮዜታ እንዲህ 31 ወር ተኝታለች።

ክንፉ ተዘርግቶ ካልተቆለፈ፣ ዋናውንና ተጠባባቂውን ሞተር አንድ ላይ አስነሱ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የመጠቀችው የናሳ መንኮራኩር ሉሲ ላይ ተሞክሮ ክንፉ ባይቆለፍም ለጉዞ የሚበቃ ያህል ተወጥሮላታል።