የመጀመሪያ ባለ ድርብ ክንፍ ሞዴላችሁን የሚያበላሹ ስህተቶች

በጥቅምት 1934 ዓ.ም. ከጎንደር ተነስቶ የበረረ አንድ የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላን ግላዲያተር በሚባል የደቡብ አፍሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ። ፊያት ሲአር 42 ነው፤ ባለ ድርብ ክንፍ። ጣሊያን በኅዳር ከተማዋን እስኪያስረክብ ድረስ ከዚህ ይነሱ ከነበሩት የመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። ጎንደር ተቀምጦ የዚህ ዓይነት ሞዴል መሥራት ላማረው ሰው ሰበብ አይጠፋም። ዕቃው ነው የሚጠፋው። ያገኘነውን ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ በማይረባ ስህተት እናበላሸዋለን።

ሽቦ የበዛበትን መምረጥ

ነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ነበር። ታሪክ የሚወድ ሁሉ እሱን ይመኛል። ግን ትልቅ ነው፣ ክንፎቹን ለማጠንከር በመካከላቸው የሚወጠረው ሽቦም ቀላል አይደለም። ለኋላ ይቆይ። ሲአር 42 በተቃራኒው ክንፎቹን የያዙት በደብልዩ ቅርጽ የቆሙ ጠንካራ ዘንጎች ስለሆኑ፣ በክንፎቹ መካከል የሚወጠር ሽቦ የለውም። ክንፍ ማስተካከል ያስተምራል፤ ሽቦ መወጠር አያስተምርም። ለጀማሪ የሚሆነው በእኔ አስተያየት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ የሆነው ኒዩፖር 17 ነው። በየጎኑ ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዝ አንድ የቪ ቅርጽ ያለው ቋሚ አለው፣ ሽቦዎቹም ጥቂት ናቸው። 1/48 (ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ) ካገኛችሁ፣ ከዚያ የሚያንሰውን 1/72ን ለጊዜው ተዉት።

ኪቱን፣ ማለትም የሚገጣጠሙትን የሞዴሉን ክፍሎች፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካመጣላችሁ፣ የፕላስቲክ ሙጫውን አብራችሁ አትዘዙ። ተቀጣጣይ ስለሆነ ኤርፖርት ላይ ይቀራል።

የላይኛውን ክንፍ ቶሎ መለጠፍ

ዋናው ጥፋት ይሄ ነው። ክንፉ ሲሰካ ሞዴሉ አውሮፕላን መምሰል ይጀምራል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው እዚያ ለመድረስ ይቸኩላል። ከተሰካ በኋላ ግን በሁለቱ ክንፎች መካከል መሰርሰሪያም፣ ብሩሽም፣ ጣትም በቅጡ አይገባም። ቀለም፣ ምልክት፣ ቫርኒሽ፣ ቀዳዳ፣ ሁሉም ክንፎቹ ለየብቻ እያሉ ይለቁ።

ቀዳዳዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚሆኑት ቋሚዎቹ ሥር ነው። ከመብሳታችሁ በፊት የእውነተኛውን አውሮፕላን ፎቶ ተመልከቱ፤ የኪቱ መመሪያ ሽቦውን አንዳንዴ በአንድ ትንሽ ሥዕል ብቻ ያልፈዋል። 0.3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ከሌላችሁ አዲስ የኢንሱሊን መርፌ ከፋርማሲ ግዙ፤ ውፍረቱ እዚያው አካባቢ ነው። በጣት ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት። የላይኛውን ክንፍ ከታች በኩል ግማሽ ድረስ ብቻ ብሱ፤ የታችኛውን እስከ ማዶ አሳልፉት።

ከዚያ በሽቦው ምትክ የሚወጠረውን ክር ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡና አንድ ጫፉን የላይኛው ክንፍ ቀዳዳ ውስጥ አጣብቁ። ክሮቹ ተንጠልጥለው ይቆዩ። ክንፉ ቆሞ ሲደርቅ እያንዳንዱን በታችኛው ክንፍ ቀዳዳ አሳልፋችሁ ትስባላችሁ፣ ከሥር ታጣብቃላችሁ፣ ትርፉን በምላጭ ትቆርጣላችሁ። ከሥር የምትቀር ጠብታ በቀለም ትሸፈናለች።

ክንፉን በዓይን ግምት ማቆም

መጀመሪያ አካሉ ላይ የሚቆሙትን መካከለኛ ቋሚዎች አጣብቁና እስኪነጋ አትንኳቸው። ክንፉን ስታስቀምጡ ከካርቶን በተቆረጠ ድጋፍ ያዙት። ከፊት ሆናችሁ ሁለቱ ክንፎች አንድ ላይ መስመር መግጠማቸውን እዩ፤ ከላይ ደግሞ ከጭራው ጋር አስተያዩ። ጠማማ ክንፍ ላይ የተወጠረ ሽቦ ጥመቱን ይባስ ያሳያል።

የስፌት ክር መጠቀም

5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ በ1/48 ሲሆን 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የስፌት ክር ከዚህ ይወፍራል፣ ፀጉርም ያወጣል፣ አቧራም ይሰበስባል። የማሲንቆ ጭራ እዚህ ከተማ አይጠፋም፣ ሐሳቡም ያጓጓል። ለ1/48 ግን ይወፍራል፣ ርጥበት ሲነካውም ይላላል። አዝማሪዎቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

0.1 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈበት የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ጥሩ ነው። ለሹሩባ የሚሸጠው ዊግም ይሠራል፤ ዋጋው ርካሽ፣ ክሩ ቀጭን። ሌላው አማራጭ ኪቱ የመጣበትን የፕላስቲክ ፍሬም ቁራጭ ጧፍ ላይ ከነበልባሉ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማሞቅና ሲለሰልስ መሳብ ነው። ፍጥነታችሁ ውፍረቱን ይወስነዋል፤ ቶሎ ከሳባችሁት ይቀጥናል። መስኮት ክፈቱ፤ ጭሱ ለጤና አይሆንም።

ሽቦውን አለመጠን መወጠር

በእውነተኛው አውሮፕላን ከአካሉ ሥር ተነስተው ወደ ላይኛው ክንፍ ውጪ የሚሄዱት ሽቦዎች በበረራ ላይ ክንፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ይይዛሉ። ከላይ ከመካከል ወደ ታችኛው ክንፍ የሚወርዱት ደግሞ መሬት ላይ ሲቆም ክብደቱን ይሸከማሉ። ይህን ያወቀ ሰው የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አይምታታበትም። የእኛ ሞዴል ላይ ግን ምንም የሚሸከሙት ነገር የለም፤ ቀጥ ብለው መታየታቸው ይበቃል። አጥብቃችሁ ከሳባችሁ ክንፉ እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ቀድሞ የተወጠረው ሽቦም ይላላል። ከመካከል ጀምሩ፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እያላችሁ ወደ ውጪ ውጡ። ከፕላስቲክ የተሳበ ክር ትንሽ ከላላ፣ ነበልባሉ የጠፋ የክብሪት ፍም ሳይነካው ብታስጠጉለት ራሱ ይወጠራል። ብዙ ካስጠጋችሁት ግን ይበጠሳል፤ ትርፍ ቁራጭ ላይ ሞክሩት።

ሱፐር ግሉን ከቱቦው ማንጠብጠብ

በመርፌ ጫፍ ብቻ። ክረምት ላይ ርጥበት ሲበዛ ዙሪያውን ነጭ ጉም ያስቀራል፣ ያንን ከቀለም ላይ ማንሳት ከባድ ነው። ብዙ ለማይሳብ ክር ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሲደርቅ ይጠራል።

ሽቦዎቹን ጥቁር ቀለም መቀባትም ልማድ ሆኗል። ጥቁር ግራጫ ይሻላል።

ካለቀ በኋላ በጨርቅ አትጥረጉት፤ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል፣ መስታወት ያለው ሳጥን ካለ ደግሞ የበጋውን አቧራ ያስቀርላችኋል። ለጓደኛ ልታሳዩ በባጃጅ የምትወስዱት ከሆነ ጎማዎቹን ካርቶኑ ታች ላይ እሰሩት እንጂ ዙሪያውን በጥጥ አትሙሉት። ጥጡ ሽቦው ላይ ይያዝና ሲወጣ ይዞት ይወጣል።