ከአንድ ሰው ተደጋግሞ ለተወሰደ የ“አዎ” ወይም “አይደለም” መልስ የስታቲስቲክስ ፈተና እንዴት ይመረጣል?

በአንድ ወረዳ 120 ቤተሰቦች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ 60ዎቹን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት እየሄደች ስለ አጎበር አጠቃቀም ታስተምራለች፣ የቀሩት ግን አይጎበኙም እንበል። ሁሉም “ትናንት ሌሊት አጎበር ውስጥ ተኝታችኋል?” ተብለው በየወሩ፣ በድምሩ አራት ጊዜ ይጠየቃሉ። በእጃችን 480 መልስ አለ፤ 480 ቤተሰብ ግን የለም።

ስለዚህ በመጀመሪያ በመልሶቹ መካከል ያለውን ዝምድና ይመርምሩ። የቡድኖችን የ“አዎ” ድርሻ የሚያነጻጽረው የተለመደው የካይ ስኩዌር ፈተና እያንዳንዱ መልስ ከሌላው ነጻ እንደሆነ አድርጎ ይቆጥራል፤ ባለፈው ወር አጎበር የዘረጋ ቤት ግን በዚህም ወር የመዘርጋት ዕድሉ ሰፊ ነው። በአንድ ቤተሰብ መልሶች መካከል ያለው ዝምድና 0.5 ቢሆን፣ 480 ለ1 + (4 − 1) × 0.5፣ ማለትም ለ2.5 ስለሚካፈል፣ ቡድኖቹን ለማነጻጸር የሚያገለግለው መረጃ የ192 ነጻ መልሶችን ያህል ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ጥያቄው አንድ ቡድን በሁለት ጊዜያት መካከል መለወጡን የሚመለከት ከሆነ፣ በ1947 የቀረበው የማክኔማር ፈተና ይበቃል። ይህ ፈተና የሚያየው መልሳቸውን የለወጡትን ብቻ ነው፦ 20 ቤተሰቦች ከ“አይደለም” ወደ “አዎ”፣ 8ቱ ደግሞ በተቃራኒው ቢሄዱ፣ የልዩነታቸው የ12 ካሬ ለድምራቸው ለ28 ተካፍሎ 5.14 ይሆናል፤ ይህም በ5 በመቶ ደረጃ ከሚፈለገው 3.84 ይበልጣል። የለወጡት ከ25 ካነሱ በባይኖሚያል ስሌት (ዕድሉን በቀጥታ በሚያሰላው) መተካቱ ይመረጣል። ጊዜያቱ ከሁለት ሲበዙ የኮክራን ኪው ፈተና ይመጣል።

ሁለቱም ፈተናዎች ግን ቡድንን ከቡድን አያነጻጽሩም። የተጎበኙት ጉልህ ለውጥ አሳይተው ያልተጎበኙት ባያሳዩ፣ ከዚህ ብቻ ተነስቶ ቡድኖቹ ይለያያሉ ብሎ መደምደም ከባድ ስህተት ነው፤ ልዩነቱ ራሱ በቀጥታ መፈተን አለበት።

ለዚህ ቀላሉ መንገድ የእያንዳንዱን ቤተሰብ “አዎ” ከ0 እስከ 4 ቆጥሮ ሁለቱን ቡድኖች በማን ዊትኒ ፈተና (ቁጥሮችን በደረጃ ቅደም ተከተል በሚያነጻጽረው) ማነጻጸር ነው፤ ያልተሟላ መልስ ከሌለና የጊዜው ሂደት ካላስፈለገ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ለውጡ በየወሩ እንዴት እንደተለያየ ማወቅ ከተፈለገ ግን፣ ሊያንግና ዚገር በ1986 ያቀረቡትን ጂኢኢ (GEE፣ በተደጋጋሚ መልሶች መካከል ያለውን ዝምድና ከግምት የሚያስገባ የሪግረሽን ዘዴ) ወይም ሚክስድ ሎጂስቲክ ሪግረሽንን (ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን መነሻ የሚሰጥ ሞዴል) ተጠቅመው፣ የቡድንና የጊዜ ጥምር ውጤትን፣ ማለትም የቡድኖቹ ልዩነት ከጊዜ ጋር መለወጡን የሚያሳየውን፣ በሞዴሉ ውስጥ ያስገቡ። የመጀመሪያው ስለ ሕዝቡ አማካይ፣ ሁለተኛው ስለ አንድ ቤተሰብ ስለሚናገር፣ የሁለቱ ኦድስ ሬሾ (የ“አዎ” ዕድል ለ“አይደለም” ዕድል ተካፍሎ በቡድኖቹ መካከል ያለው ንጽጽር) እኩል እንዲሆን አይጠብቁ። ዕጣው የወጣው በቤተሰብ ሳይሆን በቀበሌ ከሆነም፣ ዝምድናው በቀበሌ ደረጃ ጭምር መታሰብ አለበት፤ ቀበሌዎቹም ጥቂት ከሆኑ ጂኢኢ የግምቱን መደበኛ ስህተት (ስታንዳርድ ኤረር) አሳንሶ ስለሚገምት ለአነስተኛ ናሙና የተዘጋጀውን ማስተካከያ ይጠቀሙ።