የድሮ ሌንስ በሶኒ ኤ6000

የሶኒ ኤ6000 ካሜራን የምወደው ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የፊልም ዘመን ሌንሶችን ስለሚቀበል ጭምር ነው። ውስጡ መስታወት ስለሌለው ከሌንስ መግጠሚያው ምስሉን እስከሚቀበለው ሴንሰር ያለው ርቀት 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የኒኮን ኤፍ ሌንስ ደግሞ 46.5 ይፈልጋል። ልዩነቱን የሚሞላው አዳፕተር ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቀለበት ነው።

መጀመሪያ ሜኑ ገብታችሁ ያለ ሌንስ ማንሳትን ፍቀዱ። ካሜራው የድሮውን ሌንስ ስለማያውቀው፣ ካልፈቀዳችሁለት ቁልፉን ብትጫኑም አያነሳም። ሞዱን ኤ ላይ አድርጉት፤ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ እናንተ በሌንሱ ቀለበት ታስተካክላላችሁ፤ የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃኑ የሚገባበትን ጊዜ፣ ካሜራው ይመርጣል።

ፎከሱ በእጅ ነው። ፎከስ ፒኪንግን ክፈቱና ቀለሙን ቀይ አድርጉት፤ ጥርት ባለው ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር ይወጣል። አፐርቸሩን በሰፊው ከፍታችሁ በ1.8 ስታነሱ ግን ቀዩን መስመር ብቻ አትመኑ። ምስሉን አጉልታችሁ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ እስኪለይ ድረስ ቀለበቱን ቀስ እያላችሁ አዙሩ።

ለጥምቀት ጃንሜዳ ስወርድ 50 ሚሊሜትሩን ሌንስ ነው የምይዘው። ይህ ሴንሰር ከፊልም ስለሚያንስ እይታው እንደ 75 ሚሊሜትር ሌንስ ይጠባል፤ ስለዚህ ከጃንጥላው ሥር ያለውን የዲያቆን ፊት ከግርግሩ ለይቶ ያወጣልኛል። ሰው ሲተራመስ ፎከስ አታሳድዱ፤ አፐርቸሩን 8፣ ርቀቱን 3 ሜትር ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ተኩል ያለው ሁሉ ጥርት ይላል።

አቧራው ክፉ ነው። ሌንስ ስትቀይሩ ካሜራውን አጥፉ፣ ለነፋሱ ጀርባችሁን ስጡ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ድፉ። ሴንሰሩን ደግሞ በፍጹም በአፋችሁ እፍ አትበሉት።